ጉልበታችሁ ተጎድቶ ስኩባ ዳይቪንግ ለምታስቡ፦ ከባሕር ዳር ተነስቶ ባሕር ገብቶ በሰላም መመለስ

ጉልበቱን የተጎዳ ሰው ስኩባ ዳይቪንግ፣ ማለትም አየር የያዘ ሲሊንደር አዝሎ ውሃ ውስጥ ጠልቆ መዋኘት፣ ይችላል ወይ? ብዙው ሰው ይችላል። ውሃ ውስጥ ያለው ሰዓት ለጉልበት ቀላሉ ሰዓት ነው። ሰውነት ስለሚንሳፈፍ ክብደቱ ጉልበት ላይ አያርፍም። መከራው ያለው ከውሃ ውጭ ነው። ሲሊንደር አዝሎ በምትወዛወዝ ጀልባ ላይ መቆም፣ ወደ ውሃ መዝለል፣ በመሰላል መውጣት፤ ጉልበት የሚከዳው እዚህ ላይ ነው።

ባሕር ዳር ለምንኖር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ባሕር ውስጥ ጠልቆ ወደዚህ ከፍታ መመለስ የራሱ ሕግ አለው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይህን ሕግ ከማንም በላይ ሊያከብረው ይገባል። ምክንያቱን ከታች በዝርዝር ጽፌዋለሁ፤ እባካችሁ ያን ክፍል ሳታነቡ አትለፉ።

ሐይቁ ደጃችን እያለ ለምን እንርቃለን?

ጣና ለዓይን ደስ ይላል፣ ለስኩባ ግን አይመችም። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ ወደ 14 ሜትር ነው። ደለል ስለሚበዛበት ውስጡ ብዙ አያሳይም። ዳርቻው ላይ ቢልሃርዚያ አለ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ። እምቦጭ የያዘው አካባቢ ደግሞ ለጀልባም ያስቸግራል።

ከፍታውም ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ጣና ላይ 14 ሜትር ጠልቆ መውጣት፣ ለሰውነት ባሕር ላይ 17 ሜትር ተኩል ጠልቆ የመውጣት ያህል ይቆጠራል። ለባሕር የተዘጋጀን የጥልቀትና የሰዓት ሰንጠረዥ እንዳለ አምጥቶ እዚህ መጠቀም አደጋ አለው።

የኔ ምክር ይኸውና። ጉልበታችሁን እዚሁ አጠንክሩ፣ ዋናውን እዚሁ ገንዳ ውስጥ ተለማመዱ፣ መጥለቁን ግን ባሕር ላይ አድርጉት። ከቅርቦቹ አንዱ ጂቡቲ ነው፤ የታጁራ ባሕረ ሰላጤና የሙሻ ደሴቶች አሉ። ትንሽ ራቅ ካላችሁ በግብጽ የቀይ ባሕር ዳርቻ ሁርጋዳና ሻርም ኤል ሼክ አሉ።

ደረጃ 1፦ ጉልበታችሁ ምን እንደሆነ በስሙ እወቁ

"ጉልበቴን ያመኛል" ማለት ብቻውን የትም አያደርስም። ኳስ ሜዳ ላይ ዞር ሲሉ ቋ ብሎ ወዲያው ያበጠ ጉልበት አንድ ነገር ነው። ከባጃጅ ወድቆ የተመታ የጉልበት ሎሚ ሌላ ነው። ደረጃ ሲወርዱ ብቻ የሚያም ጉልበት ደግሞ ሌላ። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት፣ ማለትም ኤ ሲ ኤል የሚባለው፣ የተበጠሰበት ሰው ጉልበቱ ይከዳዋል። ሜኒስከስ የሚባለው የጉልበት ውስጥ ትራስ የተቀደደበት ሰው ጉልበቱ አንዳንዴ ተቆልፎ አልዘረጋ ይለዋል። ለሁለቱም የሚደረገው ጥንቃቄ አንድ ዓይነት አይደለም።

እኛ ዘንድ የጉልበት ነገር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከወጌሻ ነው። ወጌሻ ብዙ ሰው ረድቷል፣ ወለምታ ላይ እጁ የተባረከ አለ። የተቀደደ ሜኒስከስ ወይም የተበጠሰ ጅማት ግን በማሸት አይገጥምም። ያበጠ ጉልበት ሲታሽ ደግሞ ሊብስበት ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ለአጥንት ሐኪም አሳዩት። ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ። ራጅ አጥንትን እንጂ ጅማትንና ሜኒስከስን በደንብ እንደማያሳይ እወቁ። እነሱን የሚያሳየው ኤም አር አይ ነው።

ሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ "ዋና ልዋኝ ነው" ብላችሁ አትለፉ። ስኩባ ምን እንደሚጠይቅ ዘርዝራችሁ ንገሩት። ከ20 ኪሎ በላይ ዕቃ ለብሶ መቆም፣ መሰላል መውጣት፣ እግር ላይ ፊን (ውሃ የሚገፋ ሰፊ መቅዘፊያ) አድርጎ ውሃ መግፋት እንዳለበት ይስማ። ከዚያ እነዚህን ጠይቁት፦

- ጉልበቴ ጽኑ ነው ወይስ ይከዳኛል?
- ጠመዝማዛ እንቅስቃሴ ይፈቀድልኛል?
- ይህን ያህል ሸክም ይዤ ጥቂት ደቂቃ ብቆም ይጎዳኛል?
- እግሬ ላይ የመደንዘዝ ወይም የመዛል ምልክት አለ? ካለ ይጻፍልኝ።

የመጨረሻው ጥያቄ ለምን እንዳስፈለገ ቆይቶ ይገባችኋል።

የስኩባ ማሰልጠኛዎች ከመጀመራችሁ በፊት የጤና መጠይቅ ያስሞላሉ። በብዙ አገር የሚሠራበት ቅጽ፣ ባለፉት 12 ወራት ቀዶ ሕክምና አድርጋችሁ እንደሆነ ይጠይቃል። 1.6 ኪሎ ሜትርን በ14 ደቂቃ መራመድ ወይም 200 ሜትር ሳያርፉ መዋኘት ይከብዳችሁ እንደሆነም ይጠይቃል። "አዎ" የሚል መልስ ካለ የሐኪም ፊርማ ይፈልጋሉ። ፊርማውን እዚሁ ይዛችሁ ሂዱ። ጂቡቲ ደርሶ ሐኪም ፍለጋ መንከራተት ገንዘብም ጊዜም ይበላል። መጠይቁ ላይ መዋሸትን ግን ጨርሶ አታስቡት። የምትዋሹት ውሃ ውስጥ ነፍሳችሁን የሚጠብቀውን ሰው ነው።

ጉልበታችሁ አሁን አብጦ ካለ፣ በክራንች የምትሄዱ ከሆነ፣ ቁስሉ ካልደረቀ፣ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ እግር ላይ የደም መርጋት ከነበረ ጉዞው ይቆይ። ኤ ሲ ኤል የተሠራለት ሰው ብዙ ወራት መጠበቅ አለበት፤ ቀኑን የሚቆርጠው ቀዶ ሐኪሙ ነው። ጉልበታችሁ ውስጥ ብሎን ወይም ብረት ካለ ግን በሱ አትጨነቁ። ጠጣር ብረት የውሃ ግፊት አይጨምቀውም።

ደረጃ 2፦ ጡንቻውን ሥሩ

ጉልበትን ደግፎ የሚይዘው የጭን ጡንቻ ነው። ከጉዳት በኋላ ቶሎ የሚሟሽሸውም እሱ ነው። ሁለቱን ጭኖቻችሁን በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩ፤ የተጎዳው በኩል ቀጥኖ ታገኙት ይሆናል። ፊዚዮቴራፒስት ማግኘት ከቻላችሁ በጣም ጥሩ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዚህ ሙያ ሲያስተምር ስለቆየ ባለሙያዎቹ በአካባቢያችን አሉ።

ቤት ውስጥ የሚጀመረው እንዲህ ነው። ወለል ላይ እግር ዘርግታችሁ ተቀመጡ። ፎጣ ጠቅልላችሁ ከጉልበታችሁ ሥር አስገቡ። ጉልበታችሁን ወደ ታች ተጫኑና ፎጣውን ጨፍልቁት። እጃችሁን ከጉልበት ሎሚው ከፍ ብሎ ጭኑ ላይ አድርጉ፤ ጡንቻው ሲጠጥር በጣታችሁ ይሰማችኋል። በተለይ በውስጥ በኩል ያለው መጠጠሩን አረጋግጡ። 5 ሰከንድ ያዙ፣ ልቀቁ፣ ድገሙ። ይህ ሲለምድ እግርን ዘርግቶ ወደ ላይ ማንሳት ይከተላል። ቀጥሎ ከወንበር ያለ እጅ እርዳታ መነሳትና መቀመጥ። አቀማመጡ ቀስ ያለ ይሁን፤ ጡንቻ የሚሠራው ያኔ ነው።

ዳሌን አትርሱ። ውሃ ውስጥ ጥሩ እርግጫ የሚመነጨው ከዳሌ ነው። አሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጣችሁ ቁርጭምጭሚታችሁ ላይ አስሩና እግርን ወደ ጎንና ወደ ኋላ ግፉ። ልምምዱ በዚህ ብቻ ይሠራል፣ ወጪ የለውም።

ብስክሌትስ? ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ለጉልበት ከዚህ የተሻለ ስፖርት የለም። ኮርቻውን ብቻ አስተካክሉ። መርገጫው ታች ሲደርስ እግራችሁ ሊዘረጋ ትንሽ ሲቀረው ልክ ነው። ዝቅ ያለ ኮርቻ የጉልበት ሎሚን ያስጨንቃል።

ዝግጁ መሆናችሁን በሁለት ነገር ፈትኑ። አንደኛው ጀሪካን ነው። ሙሉ የስኩባ ዕቃ ከሲሊንደሩና ለመስጠም ከሚታጠቁት የእርሳስ ብረት ክብደት ጋር ከ20 ኪሎ ይበልጣል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ የሞላ እንደሆነ 20 ኪሎ ነው። በጀርባ ቦርሳ ውስጥ በ5 ሊትር ጀምሩ፤ በየሳምንቱ ጨምሩ። ከወንበር ተነስታችሁ ጥቂት እርምጃ ተራምዳችሁ ተመልሳችሁ ተቀመጡ። በማግስቱ ጉልበቱ ካላበጠ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ሁለተኛው ዘጌ ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ ሄዳችሁ ከወደቡ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያለውን የድንጋይ መንገድ ውጡና ውረዱ። መውረዱ ነው እውነቱን የሚናገረው። ከጀልባ ወደ ድንጋዩ መሸጋገሩም በሚወዛወዝ ነገር ላይ እግራችሁን ምን ያህል እንደምታምኑት ያሳያችኋል። ደረጃ ስትወጡ ደህናው እግር ይቅደም፤ ስትወርዱ የተጎዳው ይቅደም። ይህን እዚህ ካለመዳችሁት ጀልባው መሰላል ላይ አታስታውሱትም።

ደረጃ 3፦ ገንዳ ግቡ

ከሐይቁ ይልቅ ገንዳ የምለው በቢልሃርዚያው ምክንያት ነው። ባሕር ዳር ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች አሉ፤ ከፍሎ መዋኘት ይቻላል።

ለጀማሪ የስኩባ ሥልጠና ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው 200 ሜትር ሳያርፉ መዋኘትና 10 ደቂቃ ውሃ ላይ መንሳፈፍ ነው። ገንዳው 25 ሜትር ከሆነ 8 ጊዜ ማለት ነው። የሰዓት ገደብ የለውም፣ ስለዚህ አትሩጡ። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ባሕር ስትወርዱ ይቀላችኋል።

የዋና ዓይነት ላይ ግን ተጠንቀቁ። እንደ እንቁራሪት እግርን ከፍቶ የሚገፋው ዋና የጉልበትን የውስጥ ጅማት ይወጥራል። ሜኒስከስ ወይም የውስጥ ጅማት ለተጎዳበት አይሆንም። በጀርባ መዋኘትና ፍሪስታይል ይሻላሉ።

ፊን አግኝታችሁ ከሆነ እርግጫውን እዚሁ ያዙ። እግር ከዳሌ ይነሳል፣ ጉልበት ትንሽ ብቻ ይታጠፋል፣ የእግር ጣት ወደ ኋላ ይዘረጋል። ብዙ ጀማሪ ግን ጉልበቱን ወደ ሆዱ እየሳበ ብስክሌት እንደሚነዳ ይረግጣል። ይህ እርግጫ ወደፊት አያስኬድም፣ ጉልበትን ብቻ ያደክማል። የገንዳውን ጠርዝ ይዛችሁ በሆዳችሁ ተኝታችሁ ሰው እንዲያያችሁ አድርጉ። ጉልበታችሁ ከወገባችሁ በታች ወደ ወለሉ እየወረደ ካየ ስሕተቱ ያ ነው።

ደረጃ 4፦ አሰልጣኙን ቀድማችሁ አናግሩት

ቦታ ከመያዛችሁ በፊት በስልክም በመልእክትም ይሁን ጠይቁ። እኔ ማሰልጠኛ የምመርጠው በመልሱ ነው። "ችግር የለም፣ ና ብቻ" የሚል ሰው ያሳስበኛል። "ጉልበትህ ምን ሆኖ ነው? ምን ምን አይሆንልህም?" ብሎ መልሶ የሚጠይቅ ሰው ያረጋጋኛል።

ዋናው ጥያቄ መንበርከክ ነው። በብዙ ቦታ ጀማሪ ልምምዱን የሚሠራው ገንዳው ወለል ላይ ተንበርክኮ ነው። ለታመመ ጉልበት ይህ ከባድ ነው። ልምምዱን ሁሉ ተንሳፍፎ መሥራት ይቻላል። ጥሩ አሰልጣኞች እንደዚያ ያስተምራሉ፣ ለማንም ሰው የተሻለውም እሱ ነው። "ሳልንበረከክ ታስተምሩኛላችሁ?" በሉ። ከዚህ ሌላ ጀልባው ምን ዓይነት መሰላል እንዳለው፣ ዕቃውን ውሃ ውስጥ አውልቆ ማቀበል ይቻል እንደሆነ፣ ጀልባው ላይ ንጹሕ ኦክሲጅን መኖሩን፣ ከመጥለቅ የሚመጣ ሕመም የሚታከምበት ቅርቡ የግፊት ሕክምና ክፍል የት እንደሆነ ጠይቁ። ኦክሲጅን የሌለው ጀልባ ላይ አትውጡ።

ጂቡቲ ላይ ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ የሚታይበት ወቅት ነው፤ ብዙ ሰው ለሱ ሲል ነው የሚሄደው። ግን አስተውሉ። ዌል ሻርክ የሚታየው በአብዛኛው ያለ ሲሊንደር፣ በማስክና በስኖርክል (ፊትን ውሃ ውስጥ አድርጎ መተንፈሻ ቱቦ) ነው። ከጀልባ ቶሎ ዘሎ መግባት፣ ዓሣውን ለመከተል በፍጥነት መርገጥ፣ ወጥቶ እንደገና መግባት አለ። ለጉልበት ከተረጋጋ ስኩባ ይልቅ ይህ ይከብዳል። ሁለት ጊዜ ገብታችሁ በቃኝ ማለት አያሳፍርም።

ወቅቱ ደግሞ ከነቢያት ጾም ጋር ይገጣጠማል፤ ጾሙ ኅዳር 15 ይገባል። እስከ 9 ሰዓት ያለ ውሃ ቆይቶ መጥለቅ አይሆንም። የውሃ ጥማት ሰውነት ሲጠልቅ የተጠራቀመበትን ናይትሮጅን የሚያስወጣበትን ሥራ ያስተጓጉላል። የምትጾሙ ከሆነ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ወይም ጉዞውን ከገና በኋላ አድርጉት።

ደረጃ 5፦ ዕቃ

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የምታወጡበት ፊን ይሁን። ማከራያ ቤት ያለው ብዙ ጊዜ ረጅምና ደረቅ ነው። ለእናንተ የሚስማማው አጠር ያለና ለስላሳ ነው። መሐሉ የተሰነጠቀው ዓይነት ጉልበትን ያሳርፋል። ማሰሪያው ሞላ ያለው ከሆነ ጎንበስ ብላችሁ አትታገሉም፤ በአንድ እጅ ጎትቶ መልበስ ይበቃል።

ዌትሱት፣ ማለትም ሙቀት የሚይዘው ጥብቅ የመጥለቂያ ልብስ፣ ሲለበስ ብዙ ጉልበት ይጠመዘዛል። ተቀምጣችሁ ልበሱ። እግራችሁ ላይ ፌስታል አጥልቁና አስገቡት፤ ሸርተት ብሎ ይገባል። ከዚያ ፌስታሉን ከታች ጎትቱ። የሚገርም ነው፣ ግማሽ ትግሉ ይቀራል። ፌስታሉን ግን ባሕሩ እንዳይወስደው ኪሳችሁ ክተቱ።

የጉልበት ማሰሪያን በተመለከተ፣ ከኒዮፕሪን፣ ማለትም ከዌትሱት ጎማ መሰል ጨርቅ፣ የተሠራው ለስላሳው ችግር የለውም፣ ሙቀትም ይሰጣል። ደም የሚያግድ ጥብቅ ፋሻ ግን አይደረግም። ብረት ያለው መደገፊያ ልብሱን ይቀድዳል፤ ያለሱ መቆም ካልቻላችሁ ገና አልደረሳችሁም።

የእርሳስ ክብደት አታብዙ። ክብደት ሲበዛ እግር ወደ ታች ይወርዳል፤ እግር ሲወርድ እርግጫ ይከብዳል። ገንዳ ውስጥ የለካችሁት ልክ ባሕር ላይ አይሠራም፣ ጨዋማ ውሃ ይበልጥ ያንሳፍፋልና ጥቂት ኪሎ ይጨመራል። እዚያው እንደገና ይለካ።

ደረጃ 6፦ መግባትና መውጣት

የዚህ ሁሉ ዝግጅት ዓላማ እዚህ ላይ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ቆሞ ሰፊ እርምጃ ወስዶ መዝለል የተለመደ አገባብ ነው። ጉልበቱ የሚከዳው ሰው ይለፈው። ምርጫ አለ።

ትንሽ ጀልባ ከሆነ ጠርዙ ላይ ጀርባችሁን ለባሕሩ ሰጥታችሁ ተቀመጡ። ጀልባው ሠራተኛ ሲሊንደሩን እዚያው ያልብሳችሁ፤ ለብሶ መራመድ የለም። ማስኩንና ሬጉሌተሩን (አፍ ላይ የሚያዘውን መተንፈሻ) በእጅ ያዙ፣ እግራችሁን ግጥም አድርጉ፣ ወደ ኋላ ተንከባለሉ። ሁለተኛው መንገድ ዕቃውን ቀድሞ ማውረድ ነው። ሲሊንደሩ የሚታሰርበት ጃኬት አየር ተሞልቶ፣ በገመድ ታስሮ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። እናንተ ባዶ ሰውነታችሁን ቀስ ብላችሁ ትገቡና እዚያው ትለብሱታላችሁ። ይህን ገንዳ ውስጥ ደጋግማችሁ ተለማመዱ፤ ማዕበል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ከዳርቻ በእግር መግባት ካለ ግን ድንጋያማውን እለፉት። ፊን አድርጎ በማዕበል ውስጥ ወደ ኋላ መራመድ ለጉልበት ጥሩ አይደለም።

ሲወጡ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ጃኬቱን አየር ሙሉና ተንሳፈፉ። የጀልባውን ገመድ ያዙ። መጀመሪያ የእርሳስ ክብደቱን አቀብሉ። ቀጥሎ ጃኬቱን ከነሲሊንደሩ አውልቁ፤ ሠራተኛው ከላይ ይጎትተዋል። ፊኑ የሚወልቀው መጨረሻ ላይ ነው፣ መሰላሉን በእጅ ከያዙ በኋላ። ያለ ፊን ከጀልባው ብትርቁ መመለሻ የላችሁም። ከዚያ ደህናው እግር ይቅደም፣ በክንዳችሁም ታገዙ። መሰላሉ በማዕበል ሲነሳና ሲወድቅ ጠብቁት፤ ወደ ታች ወርዶ ሊነሳ ሲል ርገጡ። "ቶሎ በሉ" ቢሏችሁ አትስሙ። ካፒቴኑን ከመነሳታችሁ በፊት "ጉልበቴን ስለሚያመኝ ቀስ ብዬ ነው የምወጣው፣ ወንድሜ" በሉት፤ ያግዛችኋል።

ውሃ ውስጥ ያለውን አጭር አድርጌ ልንገራችሁ። ቀስ ብላችሁ ርገጡ። ከባሕሩ ጅረት ጋር አትታገሉ። ስትወጡ በደቂቃ ከ9 ሜትር አትበልጡ። 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ቆዩ። በቀን ከሁለት ጊዜ በላይ አትግቡ፣ በመጀመሪያው ቀን አንዴ ይበቃል።

ደረጃ 7፦ የሕመሙን መዝገብ ያዙ

ይህን ክፍል ነው አደራ ያልኳችሁ።

ጠልቆ የሚዋኝ ሰው በግፊት ውስጥ ሲተነፍስ ናይትሮጅን ሰውነቱ ውስጥ ይሟሟል። ቶሎ ከወጣ፣ ወይም ብዙ ቆይቶ ከሆነ፣ ናይትሮጅኑ አረፋ ይሠራል። ዲኮምፕሬሽን ሲክነስ የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየውም በመገጣጠሚያ ሕመም ነው፤ ትከሻ፣ ክርን፣ ጉልበት። ጉልበቱ ድሮም የሚያመው ሰው ምን ይላል? "ያው የለመደብኝ ነው።" አደጋው ይህች ቃል ናት።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጥለቃችሁ በፊት፣ ጠዋት፣ ወረቀት ላይ ጻፉ። የሚያመው የት ጋ ነው? በውስጥ፣ በውጭ ወይስ ከሎሚው ሥር? ከ10 ስንት ነው? የሚብሰው ስትቆሙ ነው ስትታጠፉ? የጉልበቱ ዙሪያ በሜትር ስንት ነው? መደንዘዝ ነበረ? ለጓደኛችሁም አሳዩት። በጠለቃችሁ ቁጥር ከወጣችሁ በኋላ እንደገና ጻፉ።

የድሮው ሕመም ብዙውን ጊዜ በለመደው ቦታ ይመጣል፣ ስትነኩት ወይም ስትንቀሳቀሱ ይብሳል። የአረፋው ሕመም ከውስጥ የሚመጣ ድፍን ሕመም ነው፤ ብታሹትም ብትዘረጉትም ብዙ አይለወጥም። ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ አብዛኛው በ24 ሰዓት ውስጥ ይታያል። መደንዘዝ፣ የእግር መዛል፣ ቆዳ ላይ ሽፍታ፣ የማይገባ ድካም፣ ማዞር ወይም ሽንት እምቢ ማለት ከተጨመረበት ጥርጥር የለውም። ልዩነቱ ግን ሁሌ እንዲህ ግልጽ አይሆንም። ከተጠራጠራችሁ እንደ ዲኮምፕሬሽን ቁጠሩት። ተጋደሙ፣ ንጹሕ ኦክሲጅን ይሰጣችሁ፣ የዳይቪንግ ሐኪም ይጠራ። "ተመልሼ ብገባ ይለቀኛል" ብሎ ውሃ መግባት የለም። "አገሬ ገብቼ እታከማለሁ" ብሎ አውሮፕላን መሳፈርም የለም፤ ከፍታው አረፋውን ያሳድገዋል።

በዚሁ ምክንያት ከመጥለቅ በፊት ጠንካራ ማስታገሻ አትውሰዱ። ሕመሙን ይሸፍናል። ትራማዶል ደግሞ ያደነዝዛል፣ ውሃ ውስጥ አይሆንም።

የድሮ ጉዳት ያለበት መገጣጠሚያ ለአረፋ ይበልጥ ይጋለጣል የሚል ግምት አለ፣ በጥናት የጸና ነገር ግን አይደለም። ቢሆንም ጥልቀቱንና ሰዓቱን ቀነስ ማድረግ አይጎዳም።

ደረጃ 8፦ ወደ ከፍታ መመለስ

ዳን የሚባለው የዳይቨሮች የደኅንነት ድርጅት ከመብረር በፊት እንዲህ ይመክራል። አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት። ደጋግሞ ወይም ብዙ ቀን ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት። ሲወጣ ናይትሮጅኑን ለማስወጣት የግድ መንገድ ላይ መቆም (ዲኮምፕሬሽን ማቆሚያ) የሚያስፈልገው ሆኖ ለጠለቀ ከዚያም በጣም የበለጠ።

ለእኛ ግን ይህ ትንሹ ነው ብዬ ነው የማስበው። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ቢቀንስ ቢቀንስ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ግፊት ጋር እኩል ነው። ወደ ባሕር ዳርቻ ከተማ የሚበር ሰው ሲያርፍ ግፊቱ ይመለስለታል። እኛ የምናርፈው አዲስ አበባ ነው፤ ቦሌ 2,300 ሜትር ላይ ነው። በሩ ሲከፈትም ከፍታው ላይ ነን። ባሕር ዳር ስንደርስም ገና 1,800 ሜትር ላይ ነን። ስለዚህ ሙሉ 24 ሰዓት ጠብቁ፣ ከተቻለ ከዚያም በላይ። ሐሙስ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ጠልቃችሁ ከወጣችሁ፣ ዓርብ ከ5 ሰዓት በፊት የሚነሳ በረራ አትቁረጡ። ቅዳሜ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

በባቡር ወይም በመኪና መመለስም ያው ነው። ከጂቡቲ ድሬዳዋ ብቻ 1,200 ሜትር ገደማ መውጣት ነው፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ገና ይወጣል። "አውሮፕላን አይደለም" ብላችሁ አትዘናጉ።

የመጠበቂያውን ቀን ለጉልበታችሁ ስጡት። እግር ከፍ አድርጋችሁ ተኙ፣ ካበጠ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙበት፣ ውሃ በደንብ ጠጡ፣ አልኮል ይቅር። አውሮፕላን ላይ የተጎዳው እግር ወደ መተላለፊያው የሚሆንበትን ወንበር ጠይቁ።

ቤት ከገባችሁ በኋላ ባሉት ቀናት አዲስ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም የእግር መዛል ከመጣ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ስትገቡ የመጀመሪያ ቃላችሁ "ባሕር ውስጥ ጠልቄ ነበር" ይሁን። ባሕር ዳር ላይ ማንም ሐኪም በራሱ ይህን አይገምትም፤ የጉልበት መዝገባችሁን አይቶ ወደ ራጅ ይልካችኋል። ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደጠለቃችሁ፣ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት ጠብቃችሁ እንደበረራችሁ የጻፋችሁበትን ወረቀት ስጡት። ጂቡቲ ወይም ሁርጋዳ ያለውን አሰልጣኛችሁን ስልክም ጨምሩበት፤ ከዚያ ያለው የዳይቪንግ ሐኪም ከዚህኛው ጋር በቀጥታ እንዲነጋገር።